ሜትር የማትይዘው ልብስ ሰፊ

ዓይነ ሜትር ይሏታል። እናቷ ያወጡላት ስም ሌላ ነው፤ ነገር ግን በዚያ ሰፈር አንድ ሰው መጥቶ በትክክለኛ ስሟ ቢጠራት የግብር ሰው መስሏት በጓሮ በር ትወጣለች።

ቅጽል ስሙን ያተረፈላት ሥራዋ ነው። ልብስ ሰፊ ናት፤ ሜትር ግን አንገቷ ላይ አጥልቃ አታውቅም። ደንበኛ በሩን ገፍቶ ሲገባ ከራስ ጸጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ አንድ ጊዜ ታየዋለች፤ «እስቲ ዙር» ትለዋለች፤ ይዞራል፤ አለቀ። ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ በጠመኔ ታሰምራለች፣ መቀሷን ታነሳለች፣ ትቆርጣለች። ልብሱ ደርሶ ሰውየው መስታወት ፊት ሲቆም ትከሻው ትከሻው ላይ፣ ወገቡ ወገቡ ላይ ቁጭ ይላል። ዕድሜ ልኩን ኮት እየተንጋደደበት የኖረ ሰው፣ አንዱ ትከሻው ከሌላው ዝቅ ማለቱን የሚያውቀው እሷ ዘንድ ካሰፋ በኋላ ነው። እናቱ ያልነገረችውን፣ ሚስቱ ያላየችውን፣ እሷ ከበሩ እስከ ጠረጴዛው ሲራመድ አይታ ጨርሳዋለች።

«ሜትር የሚይዝ ሰው ዓይኑን አያምንም» ትላለች። «ዓይኑን የማያምን ደግሞ መቀስ ባይጨብጥ ይሻለዋል።»

ጉራ ነው? አዎ፣ ጉራ ነው። ግን ልብሱ ልክ እየሆነ ማን ይከራከራት? ባዶ ጉራ ቢሆን ሰው ስቆበት ያልፋል። ሥራ የሚመሰክርለት ጉራ ነው አደገኛው፤ ባለቤቱን ተው የሚለው አይገኝም።

ዓይኗን ያሠለጠነው መሰልቸት ነው። ገና በወጣትነቷ የገባችበት የልብስ ፋብሪካ ግራ እጅጌ አስይዟት ነበር። ግራ እጅጌ ብቻ። ቀኙን ከፊቷ የተቀመጠችው ሴት ትሰፋዋለች፤ ኮሌታው ሌላ ክፍል ነው፤ ሙሉ ሸሚዝ ምን እንደሚመስል ለማየት የለበሰ ሰው መንገድ ላይ መጠበቅ ነበረባት። ሰውን እንዲህ ለእጅጌ ብቻ መፍጠር ከየት የመጣ ጽድቅ እንደሆነ የፋብሪካው ባለቤት ይጠየቅ። እሷ ግን ከሥራ ስትወጣ አውቶቡስ ውስጥ ቆማ የተሳፋሪውን ትከሻ፣ ደረት፣ ዳሌ በዓይኗ እየለካች፣ በልቧ እየቆረጠችና እየሰፋች ትሄዳለች። መውረጃዋ ሲደርስ ያንን ሁሉ ሰው አልብሳ ነበር የምትወርደው።

ፋብሪካው ሲዘጋ ለሠራተኞቹ በስንብት ክፍያ ፋንታ ያረጁትን ማሽኖች አደሏቸው። ይህ ደግሞ ሌላ ግፍ ነው፤ ብረት ነው፣ ከነእግሩ፤ ማን ያንሳው? የዚያን ቀን እናቷ ከሥራቸው ቀርተው መጡ። የሆቴል አንሶላ አጣቢ ነበሩ፤ እርጥብ አንሶላ ሲጨምቁ ክንዳቸው እንደ ገመድ የሚገመድ፣ በበር ሲገቡ በሩ የሚጠብባቸው ሴት። ማሽኑን ዞር ዞር ብለው አዩት፤ ወገባቸውን ጠበቅ አድርገው አሰሩ፤ «ወዲያ በይ» አሏትና ተሸከሙት። ከፋብሪካው በር እስከ ቤት ድረስ፣ ዳገቱን ጨምሮ፣ አንዴም አላወረዱትም። ልጅቷ ከኋላ ከኋላ እየተከተለች ያየችው ጀርባ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከዓይኗ አልወጣም። የነገሩ ሁሉ ሥር እዚያ ጀርባ ላይ ነው።

ዛሬ ዓይነ ሜትር ራሷ ጉልበቷን የሚቆረጥማት ሴት ሆናለች። በዳቦ ቤቱና በጫማ ጠጋኙ መካከል አንድ መስኮት ያላት ሱቅ አለቻት። ጥግ ላይ አንድ ጡረታ የወጡ ሰውዬ ካውያ ይዘው ይተኩሱላታል፤ እሷ «ጋሼ» ትላቸዋለች፤ እሳቸው ከእንፋሎቱ ውስጥ ሆነው አልፎ አልፎ አንድ ነገር ጣል ያደርጋሉ። እናቷ የሚኖሩት ከወንድሟ ጋር ነው፤ እሷ እሁድ እሁድ ትጠይቃቸዋለች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የወንድሟ ሚስት ወደ ሱቁ መጣች። ይህች ሴት አውቶቡስ ጣቢያ ውስጥ ትኬት ትሸጣለች፤ አነጋገሯም የመስኮት አነጋገር ነው፤ አጭር፣ ቀጥ ያለ፣ «ቀጣይ» ለማለት የቸኮለች የሚመስል። ዓይነ ሜትር ይህን አነጋገር ከተዋወቁበት ቀን ጀምሮ ንቀት ብላ ፈርዳበታለች።

«እትዬ፣ እማማ እየከሱ ነው» አለች፣ ገና ሳትቀመጥ።

«ማን?»

«እማማ። ምግብ አይወስዱም። ሐኪም ቤት እንሂድ ስላቸው እምቢ ይሉኛል።»

ዓይነ ሜትር ከማሽኗ ቀና አላለችም። «እሁድ አይቻት የለም እንዴ? ግድግዳ የመሰለች ሴትዮ።»

«ሹራብ ነው እሱ። ሹራብ በሹራብ ላይ ነው የሚደርቡት።»

«ይበርዳታላ።»

«ስለከሱ ነው የሚበርዳቸው።»

ማሽኑ ቆመ። «ስሚኝማ» አለች ዓይነ ሜትር፣ «እኔ የማላውቀውን ሰው ከበር አይቼ ልኩን እነግረዋለሁ። በዚህ ነው የምኖረው። አንቺ ደግሞ መጥተሽ የወለደችኝን ታሳይኛለሽ?»

«ላሳይሽ አልመጣሁም። አንቺ እሺ ካላልሽ እማማ አይሄዱም። ‹ልጄ ደህና ነሽ ብላኛለች፤ የልጄ ዓይን አይስትም› ነው መልሳቸው። አንድ ቃል ብቻ በያቸው።»

«ከደከመሽ ደከመኝ በይ። እኔ ጋ ትምጣ፣ ቤት አለኝ። በሽታ አትፍጠሪባት።»

የወንድሟ ሚስት ጥቂት አየቻት። ከዚያ «እሺ» ብላ ወጣች።

«ልጅቷ እኮ የምሯን መሰለችኝ» አሉ ተኳሹ ከእንፋሎታቸው ውስጥ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ካውያዎን ይያዙ፤ ኮሌታው እንዳያርርብኝ።»

እንግዲህ ነገሩ ይህ ነው። አንዲት እናት ምግብ መዋጥ ትተዋል። የምታይላቸው ምራት ቃሏን የሚሰማላት የለም፤ ቃሏ የሚሰማው ልጅ ደግሞ አታይም። በዚህ መካከል ሴትየዋ በየቀኑ ያልቃሉ።

የወንድሟ ልጅ ትምህርቱን ጨርሶ ሊመረቅ ቀኑ ተቃርቦ ነበር። ዓይነ ሜትር ለእናቷ ለምርቃቱ የሚሆን ኮትና ጉርድ ቀሚስ ልትሰፋ ተነሳች፤ በዚያውም ምራትየዋን ልታሳፍር። ሲለብሱት ታያለች፤ ያኔ አፏን ትይዛለች። ጥቁር ሰማያዊ ሱፍ መረጠች፤ ለገበሩ የሚያንሸራትት ለስላሳ ጨርቅ፤ ለቁልፉ ደግሞ ጉዳይ ያለው ሰው እንኳ ቆሞ የሚያየው ዓይነት። ጨርቁን ዘረጋች፣ ጠመኔዋን አነሳች፤ ዓይኗን ጨፈን አድርጋ እናቷን አሰበቻቸው። ማሰብ እንኳ አላስፈለጋትም፤ ያ ጀርባ ሁልጊዜ እዚያው ነው፣ ዳገቱ ላይ። ልኩን ወስዳ ቆረጠች።

እሁድ ጠዋት ይዛው ሄደች። እናቷ መስኮቱ አጠገብ ባለው ወንበራቸው ላይ ሹራባቸውን ደርበው ተቀምጠዋል። ሲያዩዋት በሙሉ ጥርሳቸው ሳቁላት።

«ሹራቡን አውልቂ እማ። ሱፍ በሹራብ ላይ አይለበስም።»

«ይበርደኛል።»

«ሱፍ ነው እኮ የሰፋሁልሽ። ወረቀት መሰለሽ?»

እናትየዋ ልብሱን ታቅፈው ወደ መኝታ ቤት ገቡ። ቆዩ። ሲወጡ ሳሎን የነበሩት ወንድሟና ሚስቱ ቀና አሉ። ኮቱ ከትከሻቸው ተንሸራቶ ክንዳቸው ላይ ተንጠልጥሏል፤ ጣታቸው ከእጅጌው ጫፍ አይታይም፤ ጉርዱን በጡጫቸው ጨብጠው ባይዙት መሬት ነበር። ሁለት ሰው የሚያስገባ ልብስ ውስጥ አንዲት ሴት ቆመዋል።

ዓይን ያለው ሰው እዚህ ላይ ያያል። ዓይነ ሜትር ግን ያየችው ጨርቁን ነው። ጠጋ ብላ የኮቱን ጠርዝ በሁለት ጣቷ አሸት አሸት አደረገችው።

«ለቀቀ» አለች። «አጭበርብሮኛል ነጋዴው። ጨርቁ ተስቦ ለቀቀ።»

የወንድሟ ሚስት በሩን ተደግፋ ቆማለች። «ጨርቁ አይደለም እትዬ።»

«ስለ ጨርቅ ደግሞ ምን ታውቂያለሽ? ትኬት አይደለም እኮ።»

«ስለ ጨርቅ አላወራሁም።»

«ታዲያ ስለምንድን ነው የምታወሪው? እናቴን ምን አድርገሻት ነው ያለቀችው ልልሽ ነው የምትፈልጊው?»

ወንድምየው እንደ ልማዱ ጣራውን ያያል። እናትየዋ ጣልቃ ገቡ። «ጨርቁ ነው፣ አትጨቃጨቁ» አሉ። «የዘንድሮ ሱፍ እንደ ዘንድሮ ሰው ነው፤ ገና ሲነኩት ይለቃል።» ብለው ሳቁ፤ ሲስቁ አፋቸውን በእጅጌው ሸፈኑ። ከዚያ ጉርዱን እንደጨበጡ ሹራባቸውን ሊደርቡ ተመለሱ። ዓይነ ሜትር የልቧ ደርሶ ምራትየዋን ቀና ብላ አየቻት፤ ሰማሽ አይደል እንደማለት።

ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል እንላለን። እንዴት ያለ ቅጥፈት ነው። ልብ አስቀድሞ ፈርዶ፣ ፍርዱን ጽፎ፣ ማኅተሙን መትቶ ይጨርስና ዓይንን ለምስክርነት ይጠራዋል፤ ዓይንም የተገዛ ምስክር ነው፣ የተባለውን ይላል። ልብስ ሰፊ ቤት ብቻ የሚሆን ነገር እንዳይመስላችሁ። አለቃው ሰነፍ ብሎ የፈረጀው ሠራተኛ ቆሞ ከታየ ዳተኛ ነው፣ ሲሮጥ ከታየ አስመሳይ። ባል ነዝናዛ ብሎ የደመደመባት ሚስት ቤቱ ተቃጠለ ብትለው እንኳ ጋዜጣውን አያወርድም። ሁላችንም ደግሞ «በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ» እያልን እንምላለን። አይተናል እኮ፤ ግን ምኑን?

በማግሥቱ ልብሱ ሱቁ ውስጥ ማንጠልጠያ ላይ ተሰቅሎ ዋለ። ዓይነ ሜትር ለጨርቅ ነጋዴው የምትናገረውን እያሰናዳች መርፌ ላይ ትጮኻለች።

«ሱፍ በአንድ ሌሊት አይለቅም» አሉ ተኳሹ።

«ይኸው ለቀቀ።»

«እኔ ዕድሜዬን በእንፋሎት ውስጥ ነው የጨረስኩት። ሱፍ ሙቀትና እርጥበት ከነካው ይሰበሰባል እንጂ አይለቅም።»

ይህን እያሉ የዳቦ ቤቷ ሴት ገባች። ይህች ጋጋሪ ክንዷ እስከ ክርኗ ዱቄት፣ ድምፅዋ እስከ መንገዱ ማዶ የሚሰማ፣ ሰፊ ሴት ናት። የምትመጣው መቀስ ልትዋስ ነው፤ የምትቆየው ግን ሁልጊዜ ወሬው እስኪያልቅ ነው። ልብሱን አየችው።

«ውይ፣ ይሄ የማን ነው?»

«የማንም አይደለም። የተበላሸ ጨርቅ ነው።»

«ከተበላሸማ ልሞክረው» አለችና ዱቄቷን በሽርጧ ጠርጋ ኮቱን ለበሰችው። ጉርዱን ከመጋረጃው ጀርባ ገብታ አጠለቀች። ወጥታ መስታወቱ ፊት ቆመች።

ልክ ነበር። ልክ ብቻ አይደለም፤ እንደ ቆዳዋ ነበር። ትከሻው ትከሻዋ ላይ፣ ወገቡ ወገቧ ላይ። ጋጋሪዋ ወደ ጎን ዞረች፣ ወደ ኋላ ዞረች፣ ክንዷን ወደ ላይ ዘረጋች፤ የትም አልያዛትም።

«ኧረ አንቺ ሴት፣ ተኝቼ ነው እንዴ የለካሽኝ? ለእኔ ነው አይደል የሰፋሽው?»

«ለእናቴ ነው።»

ጋጋሪዋ መሳቅ ጀምራ ተወችው። «እናትሽ እኔን ያክላሉ እንዴ?»

ዓይነ ሜትር የኮቱን ትከሻ በጣቷ ነካ አደረገችው።

«እናትሽን ባለፈው ሰሞን ጣቢያው ጋ ከምራታቸው ጋር አየኋቸው እኮ። በአንድ እጄ አነሳቸዋለሁ። እንደ ዱቄት ከረጢት እንኳ አይከብዱኝም።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ለአንቺ?» አለች ጋጋሪዋ፣ ከልቧ ተገርማ። «ለዓይነ ሜትር? ለዓሣ ስለ ውሃ ልንገረው? አውቀሽ አስታመሽ የያዝሽው ነገር ነው ብዬ ነው እንጂ።»

ያን ጊዜ ዓይነ ሜትር መቀሷን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። መቀስ ወይ ይቆርጣል ወይ አይቆርጥም፤ አይዋሽም። ይህን ልብስ ስትቆርጥ እጇ አልሳተም ነበር። አንዲት ግዙፍ ሴት አስባ ቆረጠች፤ ግዙፍ ሴት መጥታ ለበሰችው። ጨርቁም ትክክል፣ ስፌቱም ትክክል። ሊሳሳት የሚችል የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ እሱም ከግንባሯ ሥር ያሉት ሁለቱ ዓይኖች ናቸው።

«ቆይ፣ አንድ ነገር ልጨምርልሽ» አሉ ተኳሹ፣ ካውያቸውን ዳር አስይዘው። «ለባዳ ሰፍተሽ የተበላሸብሽ የለም። ለወንድምሽ የሰፋሽለት ሱሪ ግን አንድም ቀን ልክ ሆኖት አያውቅም።»

«ምን ማለትዎ ነው?»

«ያጥረዋል። ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ነው የሚቀረው። ሚስቱ የጠርዙን እጥፋት ፈትታ ታወርደዋለች፤ የድሮው መስመር እንዳይታይ ለእኔ ቤቴ ድረስ አምጥታ ታስተኩሰዋለች። እንዳልነግርሽ አስምላኝ ነበር።»

ወንድሟ ከቁመቱ የተነሳ በሩን ጎንበስ ብሎ ነው የሚገባው። ለእሷ ግን ትምህርት ቤት ያደረሰችው፣ አፍንጫውን የጠረገችለት ልጅ ነው። ይህን ሁሉ ዓመት ሙሉ ሰው አድርጋ አላየችውም፤ ሱሪው ሲነግራት እንኳ የሰማችው ሌላ ሴት፣ ሚስቱ ነች፤ ሰምታም ቁጭ ብላ ስፌት ስትፈታ ኖረች። ዓይነ ሜትር ንቀት ያለችው ነገር ይኸው ነበር።

በማግሥቱ ሱቁን ለተኳሹ ትታ ወደ ወንድሟ ቤት ሄደች። እሁድ አልነበረም፤ እንደምትመጣም ለማንም አልተናገረችም። አንኳኳች። ከውስጥ የነጠላ ጫማ ድምፅ ቀስ እያለ መጣ፤ በሩ ተከፈተ።

አንዲት ትንሽ አሮጊት በሩን ይዘው ቆመዋል። ጉንጫቸው ወደ ውስጥ ገብቷል፤ ከንፈራቸው ድዳቸው ላይ ታጥፏል፤ የቤት ቀሚሳቸው ከአንገታቸው አጥንት ላይ እንደ መጋረጃ ተሰቅሏል። ዓይነ ሜትር ከራስ ጸጉራቸው እስከ እግር ጥፍራቸው አየቻቸው። ልማድ ነውና ልካቸውንም ያዘች፤ ለእኚህ ሴትዮ የተማሪ ዩኒፎርም የሚያህል ጨርቅ ይበቃቸዋል አለች በሆዷ። ከዚያ በትሕትና ጎንበስ ብላ፣

«እንደምን ዋሉ እማማ፤ እናቴ አለች?» አለች።

አሮጊቷ ቀና ብለው አዩዋት።

«አለች» አሉ በመጨረሻ። «ግቢ።»

ድምፁ የእናቷ ነበር።

ዓይነ ሜትር የበሩን መቃን ያዘች። እናትየዋ ግን ሌላ ነገር አስጨንቋቸዋል፤ «ቆይ፣ ጥርሴን አድርጌ ልምጣ» ብለው ቸኩለው ዞሩ። ያን ጊዜ ነው ጀርባቸውን ያየችው፤ በዓይኗ፣ ዛሬ ያለውን ጀርባ። ደርሳ ከኋላቸው አቀፈቻቸው። በልጅነቷ እናቷን ስታቅፍ እጆቿ ተገናኝተው አያውቁም ነበር። አሁን ዞረው፣ ተላልፈው፣ የራሷን ክርን ያዘች።

«እማ፣ የት ሄድሽብኝ?»

«የት እሄዳለሁ፣ እዚሁ ነኝ። ልቀቂኝ፣ ትሰብሪኛለሽ።»

ወንበራቸው ላይ አስቀመጠቻቸው። ሰው ሠራሹ ጥርስ መስኮቱ ላይ ብርጭቆ ውስጥ ተዘፍዝፏል። አፋቸውን እንዲከፍቱ ለመነቻቸው፤ እምቢ አሉ፤ ተቆጣች፤ ከፈቱ። ድዳቸው ቆስሎ ቀይ ሆኗል።

«ይሄንን ይዘሽ ነው እሁድ እሁድ ስትስቂልኝ የነበረው?»

«አንቺ ስትመጪ ብቻ ነው የማደርገው። ስትሄጂ አወልቀዋለሁ።»

«ለምን እማ?»

እናትየዋ ጉልበታቸው ላይ ያለውን ቀሚስ አለሰለሱ። «አንቺ ስታይኝ ያቺ ማሽን የተሸከመችው ሴት እሆናለሁ» አሉ። «እዚህ ቤት አሮጊት ነኝ፤ ይደግፉኛል፣ ‹እማማ ተጠንቀቁ› ይሉኛል። አንቺ ገብተሽ ‹ግድግዳ የመሰልሽ› ስትይኝ ለሳምንት ወገቤ ቀጥ ይላል። እሱን ለሐኪም አስረክቤ ምን ልሁን?»

ይህም እውነት ነው፣ መካድ አይቻልም። ሰው ባዩት ልክ ይቆማል። ጠንካራ ሲሉት የሚጠነክር ብዙ ነው፤ ግን ጠንካራ እየተባለ በርሃብ የሚሞትም አለ፤ እነዚህን ሁለቱን ለይቶ የማያይ ፍቅር ምን ያደርጋል?

የወንድሟ ሚስት በዚህ መካከል ገባች። የሥራ ልብሷን እንደለበሰች፣ ላብ አጥምቋታል፤ በምሳ ሰዓት ከጣቢያው እየሮጠች መጥታ ሾርባ በወንፊት አጥልላ ለእናትየዋ ሰጥታ ነው የምትመለሰው። በየቀኑ። ይህንንም ዓይነ ሜትር አታውቅም ነበር። 

«እትዬ?» አለች። «ዛሬ እሁድ ነው እንዴ?»

«አይደለም።» ዓይነ ሜትር ይቅርታ የሚባለውን ቃል ለምዳው አታውቅም። በሌላ በር ዞረችበት። «የወንድሜን ሱሪ አንቺ ነሽ የምታወርጂው?»

«ማን ነገረሽ?»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርሽ ‹እግሩን ጎትተሽ አስረዘምሽው› ትይኝ ነበር።»

እናትየዋ ጥርስ በሌለው አፋቸው ሳቁ፤ በዚህ ጊዜ አልሸፈኑትም። ዓይነ ሜትርም ሳቀች፤ ሳቋ መሃል ላይ ተሰበረና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ስትመለስ ድምጿ የሱቁ ድምፅ ሆኗል።

«ሐኪም ቤቱ የት ነበር ያልሽው?»

«ከጣቢያው ጀርባ። ደጋግሜ ወረፋ ይዤ ደጋግሞ አልፎኛል።»

«ዛሬ አያልፍሽም።»

«እኔ አልጠየቅም?» አሉ እናትየዋ።

«አንቺ አትጠየቂም እማ። ዋሽተሻል። ጫማሽ የቱ ጋ ነው?»

የጥርስ ሐኪሙ ሰው ሠራሹን ጥርስ ወደ ብርሃኑ ይዞ አገላበጠው፤ አፋቸውን አየ፤ እንደገና ጥርሱን አየ። «ይሄ የእርስዎ ነው?» አላቸው።

«የማን ሊሆን ነው?»

«ሲሠራ የእርስዎ ነበር። መንጋጋዎ ከዚያ ወዲህ ተቀይሯል፤ ጥርሱ ግን አልተነገረውም። ሲያኝኩ ድድዎን ነው የሚበላው።»

ደማቸውንም አስመረመሩ፤ ከሚገባው በታች ወርዶ ነበር። ሐኪሙ ለሁለቱ ሴቶች ለብቻ፣ ክረምቱን እንዲህ ሆነው ቢገፉት ኖሮ ያኔ የምንነጋገረው ስለ ጥርስ አይሆንም ነበር አላቸው። ዓይነ ሜትር ይህን ስትሰማ ጎንበስ አለች፤ የወንድሟ ሚስት ክንዷን ያዘቻት።

ድዳቸው እስኪድን ቆይቶ አዲስ ጥርስ ተሠራላቸው። መጀመሪያ በለስላሳ፣ ከዚያ በጠንካራ፣ ቀስ እያሉ ወደ ምግብ ተመለሱ። ለምርቃቱ ሌላ ልብስ ተሰፋላቸው፤ በሜትር ተለክቶ፣ ደንበኛ ሁሉ እያየ፣ ዓይነ ሜትርም አንገቷን ሳትሰብር። ሰማያዊውን ሱፍ ጋጋሪዋ አልመልስም ብላ ለብሳው እዚያው ምርቃቱ ላይ ተገኘች፤ ማን እንደጠራት እስከዛሬ አልታወቀም።

ሰፈሩ ሊያሾፍባት ሞክሮ ነበር። «ሜትር ገዛሽ አሉ፤ ዓይንሽ ደከመ?» ሲሏት ከጠረጴዛዋ ቀና ብላ፣ «ለአንተ ዓይኔ ይበቃሃል፤ ስለ አንተ አስቀድሜ ያሰብኩት የለማ» ትላለች። «ሜትር የሚያስፈልገው ለወደዱት ሰው ነው።» እንደ ድሮው ከበር አይታ ትቆርጣለች፤ እንደ ድሮው ልክ ይሆናል። ወንድሟ ግን ሲመጣ ቁም ትለዋለች፤ ከወገቡ እስከ መሬት ትለካዋለች፤ ቁጥሩን ስታይ ሁልጊዜ ትገረማለች፤ ግን ቁጥሩን ታምናለች።

ከምርቃቱ በኋላ በአንዱ ቀን፣ ሳትናገር እንደገና ብቅ አለች። እናቷ መስኮቱ አጠገብ ናቸው፤ አንድ ሹራብ ብቻ፤ ጉንጫቸው ትንሽ ሞላ ብሏል። ወይም ሞላ ያለ መሰላት። የወንድሟ ሚስት ጠረጴዛው ላይ ሰሃን ትሰበስባለች።

«እንዴት ነሽ እማ?»

«ደህና ነኛ። አታይኝም እንዴ?»

ዓይነ ሜትር አየቻቸው። እንደ ጥንቱ ግድግዳ ልትላቸው አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጠችውና ወደ ወንድሟ ሚስት ዞረች።

«አንቺ ንገሪኝ።»

«ዳቦውን በልተዋል» አለች፣ በዚያው በመስኮት አነጋገሯ። «ሾርባውን ለድመቷ ሰጥተዋል።»

እናትየዋ ሁለቱን ተራ በተራ አዩ፤ ከሁለቱም ዘንድ መሸሸጊያ አላገኙም።

«ድመቷም እኮ ከስታ ነበር» አሉ።